ደሞዙ ከብራሰልስ፣ ምሽጉ ሞቃዲሾ፦ ጥያቄና መልስ ከደሴ

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ደሴ ፒያሳ፣ ጦሳ ጭጋጉን ለብሶ። ለዓመታት የሰላም ተልዕኮ ሒሳብ ስሠራ ስለኖርኩ «አቦሉ እስኪወርድ ጠይቁኝ» አልኩ። በረካው ተጠጥቶም ጥያቄው አላለቀም። የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

የእድራችን ጸሐፊ እትዬ፦ ድንበር ተሻግሮ አማፂ የሚወጋውን የጎረቤታሞች ጦር የሚከፍለው የተባበሩት መንግሥታት አይደለም እንዴ?

እትዬ፣ ይህንስ እርስዎ ይሻሉኛል። በእድሩ በየወሩ የሚከፈል መዋጮ አለ፤ ያስተጓጎለ ይቀጣል። ለቀስተኛ በፈቃዱ ጣል የሚያደርገው ደግሞ ሌላ ነው። ሰማያዊ ቆብ ለባሹ ሰላም አስከባሪ የሚተዳደረው አባል አገሮች በግዴታ በሚያዋጡት ነው። እርስዎ የጠየቁኝ ዓይነት ጦር ግን ብዙውን ጊዜ የሚኖረው በልግስና ነው። ለጋሹ ፊቱን ሲያዞር ድንኳኑ ይነቀላል።

የኮምቦልቻው የቦቴ ሹፌር፦ ሶማሊያ የዘመተ ወታደር በወር ሺህ ዶላር ያገኛል ሲባል እውነት ነው?

በወረቀት አዎ። የአውሮፓ ኅብረት አሚሶም ለተባለው የአፍሪካ ኅብረት የሶማሊያ ተልዕኮ ወታደር በነፍስ ወከፍ በወር 1,028 ዶላር ይመድብ ነበር። ብሩ ከብራሰልስ ወደ አፍሪካ ኅብረት፣ ከዚያ ወደ ወታደሩ መንግሥት፣ ከዚያ ወደ ኪሱ ይሄዳል። አንተ የጂቡቲን መስመር ታውቀዋለህ፤ ኬላ በበዛ ቁጥር ጭነቱ ይዘገያል። አንዳንዱ መንግሥትም ቆርጦ ያስቀር ነበር። በ2016 አውሮፓውያኑ 20 በመቶ ቀነሱ፤ አልሸባብ ግን ጥይቱን 20 በመቶ አልቀነሰም።

የብሩንዲው ይብሳል። አውሮፓ ከቡጁምቡራ መንግሥት ጋር ተጣላና «ገንዘቤ በካዝናህ አያልፍም» አለ። ወታደሮቹ ለወራት ያለ ደሞዝ ምሽግ ጠበቁ። መንግሥታቸው ጦሬን አወጣለሁ ብሎ ካስፈራራ በኋላ፣ በ2017 መጀመሪያ በንግድ ባንክ በኩል እንዲከፈል ተስማሙ። ሞቃዲሾ አሸዋ ላይ የተኛው ልጅ ከዚያ ጠብ ምን አገባው?

ያው ሹፌር፦ ነዳጁንና ምግቡንስ ማን ያቀርባል?

እሱ ነው የሚገርመው። ከ2009 ጀምሮ ስንቁን፣ ነዳጁንና የቁስለኛ ማመላለሻውን የሚያቀርብ የተባበሩት መንግሥታት ጽሕፈት ቤት አለ፤ ወጪው ከግዴታው መዋጮ ነው። ማለትም ምሳው የተረጋገጠ፣ ደሞዙ የለጋሽ ፊት የሚያይ ወታደር።

የእኛስ ልጆች?

ኢትዮጵያ አሚሶምን የተቀላቀለችው በጥር 2014 ነው። ከተልዕኮው ውጪ በሁለቱ መንግሥታት ስምምነት ሶማሊያ የቆየ ጦርም ነበረን፤ እሱን ያ 1,028 አይመለከተውም።

አንዲት መምህርት፦ በሳህሉ ጂ5 ላይ ያ ሁሉ ገንዘብ ተሰብስቦ እንዴት ፈረሰ?

ልጄ፣ ተሰበሰበ አትበዪ፤ ቃል ተገባ። ሞሪታንያ፣ ማሊ፣ ቡርኪናፋሶ፣ ኒጀርና ቻድ በ2014 ኑዋክሾት ላይ ጂ5 ብለው ተሰባሰቡ፤ በ2017 ደግሞ 5,000 ሰው የሚይዝ የጋራ ጦር አቋቋሙ። የጸጥታው ምክር ቤት በውሳኔ ቁጥር 2359 «ደስ ብሎናል» አላቸው። ፈረንሳይ የበለጠ እንዲሰጣቸው ትፈልግ ነበር፣ አሜሪካ አልተቀበለችም፤ ስለዚህ ከምርቃቱ ጋር ብር አልመጣም።

ለመጀመሪያው ዓመት 423 ሚሊዮን ዩሮ ያስፈልጋል ተባለ። በየካቲት 2018 ብራሰልስ ላይ 414 ሚሊዮን ቃል ተገባ። ሠርግ ላይ ሽልማት ሲጠራ አይተሽ የለ? ጠሪው ይጮኻል፣ እልልታው ይቀልጣል፣ በማግስቱ ሙሽራው ቆጥሮ ያዝናል። ከቃሉ ብዙው ዘገየ፤ የመጣውም ብዙ ጊዜ ሰጪው የመረጠው ዕቃ ነበር። በዚያው ዓመት ሰኔ ማሊ ውስጥ ሴቫሬ ያለው ዋና መምሪያቸው በመኪና ቦምብ ተመታ።

ጥፋቱን ሁሉ በገንዘብ ማላከክ ግን ልክ አይደለም። መፈንቅለ መንግሥቶቹና ከፈረንሳይ ጋር የነበረው ቁርሾ አሉ። ማሊ በግንቦት 2022 ወጣች፤ ቡርኪናፋሶና ኒጀር በታኅሣሥ 2023 ተከተሉ። የቀሩት ሁለቱ በዚያው ሳምንት መፍረሱን አመኑ።

የቻድ ሐይቁ ጦርስ? ቦኮ ሐራምን የሚወጋው?

የተሻለ ሰንብቷል። እያንዳንዱ አገር የራሱን ወታደር ራሱ ይከፍላል፤ የውጭው ድጋፍ ለመምሪያው፣ ለመገናኛ፣ ለተሽከርካሪ ነው። ኒጀር ግን በመጋቢት 2025 ለቅቄያለሁ ብላለች።

እትዬ እንደገና፦ ታዲያ እንደ እድር መዋጮ አይደረግም?

ተሞክሯል። በታኅሣሥ 2023 የወጣው ውሳኔ ቁጥር 2719 የጸጥታው ምክር ቤት የሚፈቅደው የአፍሪካ ኅብረት ተልዕኮ እስከ 75 በመቶ በጀቱን ከግዴታው መዋጮ እንዲያገኝ በር ከፈተ። ግን በየጉዳዩ እየታየ ነው። በዓመቱ አውሶም የተባለው አዲሱ የአፍሪካ ኅብረት ተልዕኮ ለሶማሊያ ሲቋቋም አሜሪካ ድምፀ ተአቅቦ አደረገች። ቀሪውን 25 በመቶ የአፍሪካ ኅብረትና የተባበሩት መንግሥታት ከሌላ ምንጭ ያፈላልጋሉ። አፍሪካውያኑ በ2016 ኪጋሊ ላይ ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ 0.2 በመቶ ቀረጥ ለኅብረቱ ለመሰብሰብ ተስማምተው ነበር፤ ብዙዎቹ አልጀመሩትም።

«ተስማምተው ሳይከፍሉ?» አሉ እትዬ። ከቦርሳቸው የእድሩን መዝገብ አወጡ፤ መነጽራቸውን አድርገው ስሜን ፈለጉ። የሁለት ወር አለብኝ።