«እናቴንም ላሜንም በድምፅ አድናለሁ ይላል፤ ልመነው?»

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ የምኖረው ሐይቅ ከተማ አጠገብ ነው። እናቴ የስኳር ታማሚ ናት፤ ከጥቂት ወራት ወዲህ ሁለቱም እግሮቿ ይደነዝዛሉ፣ ሌሊት ሌሊት ደግሞ ያቃጥሏታል። በቅርቡ ውጭ አገር ሠልጥኛለሁ የሚል ሰው ደሴ ላይ ቤት ከፍቶ፣ የነሐስ ጎድጓዳ ሳህኖች እየመታና እጁን ከሰውነት በላይ እያንዣበበ «የተዘጋ ኃይል» እንደሚከፍት ይናገራል። እናቴን አንድ ጊዜ ወሰድኳት፤ በዚያች ሌሊት እንቅልፍ ወሰዳት። አሁን ግን መድኃኒቷን ቀንሳ እርሱ ዘንድ እንድትመላለስ ይመክራታል። የምትታለበው ላማችንም ግቷ በአንድ በኩል አብጧል፤ ቤት ድረስ መጥቶ በዚያው መንገድ እንደሚያክማት ቃል ገብቶልናል። ክፍያው ለእኛ ቀላል አይደለም። ምን ትመክሩኛላችሁ?
ስሜ አይጠቀስ፣ ከሐይቅ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከሁሉ አስቀድመን የምንለምንዎት የእናትዎ መድኃኒት ሐኪማቸው ካላዘዘ በቀር በማንም ቃል እንዳይቀነስ ነው። እግር የሚደነዝዘው ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ የቆየ የደም ስኳር ነርቮችን ስለሚጎዳ ነውና፣ መድኃኒቱን መቀነስ ያስቸገራቸውን ሕመም ያብሰዋል እንጂ አያሽለውም። ይህን የሚመክር ሰው፣ ሐሳቡ ቅን ቢሆን እንኳ፣ በማያውቀው ነገር ላይ እየፈረደ ነው።

በዚያች ሌሊት መተኛታቸውን ግን አንጠራጠርም። ጸጥ ባለ ክፍል ጋደም ብሎ ቀስ እያለ የሚከስም ዝግ ያለ ድምፅ ማዳመጥ ትንፋሽን ያረጋጋል፣ ጭንቀትንም ያላላል። እ.ኤ.አ. በ2015 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ፣ ከ70 በላይ ጥናቶችን አንድ ላይ የመዘነ ትንተና፣ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሰዎች ሙዚቃ ሲያዳምጡ ሕመማቸውና ጭንቀታቸው እንደሚቀንስ፣ የሚወስዱት ማስታገሻም እንደሚያንስ አሳይቷል። ያው ትንተና ሙዚቃው ታካሚዎቹ ሆስፒታል የሚቆዩበትን ጊዜ እንዳላሳጠረው ጨምሮ ገልጿል። እናትዎ ያገኙትም ይህንኑ ዓይነት ዕረፍት ነው፤ ዋጋ ያለው ዕረፍት ነው፣ የተጎዳውን ነርቭ ግን አይጠግንም።

እጅን ከሰውነት በላይ ማንዣበቡ ሌላ ጉዳይ ነው። ከዚህ ወገን በይበልጥ የታወቀው ሬኪ፣ እ.ኤ.አ. በ1922 ጃፓናዊው ሚካኦ ኡሱይ የጀመሩት ልማድ ነው። ይፈስሳል የሚባለውን ኃይል እስከ ዛሬ በመሣሪያ የለካው የለም። በእጅ ይታወቃል መባሉ ግን ተፈትኗል፤ የፈተነችውም ኤሚሊ ሮዛ የተባለች አሜሪካዊት ልጅ ናት። በተመሳሳይ ሙያ የተሰማሩ 21 ሰዎች ሁለት እጃቸውን በመከለያ ሥር እንዲያሾልኩ አድርጋ፣ የራሷን እጅ ከአንደኛው በላይ እየያዘች የትኛው እንደሆነ ትጠይቃቸው ነበር። ከ280 ሙከራ በትክክል የመለሱት 44 በመቶውን ብቻ ነው፤ በግምት ቢመልሱ እንኳ ግማሹን ባገኙ ነበር። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር መጽሔት ታትሟል።

ድምፅ ለእናትዎ እግር በእርግጥ የሚጠቅምበት ቦታ አለ፤ እርሱም የጤና ተቋም ውስጥ ነው። ሐኪሙ ቱኒንግ ፎርክ የሚባለውን፣ በሰከንድ 128 ጊዜ የሚርገበገበውን ባለ ሁለት ጣት ብረት መታ አድርጎ የብረቱን ግርጌ በትልቁ የእግር ጣት አጥንት ላይ ያቆመዋል፤ ታማሚው ዓይኑን ጨፍኖ ርግብግቡ ሲቆም «አሁን» ይላል። ብረቱ ገና እየተርገበገበ ታማሚው ቆመ ካለ፣ ወይም ጭራሹን ካልተሰማው፣ ነርቩ መጎዳቱን ሐኪሙ ይረዳል። ያ ብረት የሚያክም ሳይሆን የሚመረምር ነው፤ በአንዳንድ የድምፅ ሕክምና ቤቶች እንደ መድኃኒት ሲቀርብ ማየት ያሳዝነናል። እባክዎ እናትዎን ለዚህ ምርመራ ይውሰዷቸው፤ ለሚያቃጥለው ስሜትም ሐኪሙ የሚያዝዘው መድኃኒት አለ። እስከዚያው ማታ ማታ ውስጥ እግራቸውንና የጣቶቻቸውን መካከል በብርሃን ይመልከቱላቸው፣ ባዶ እግራቸውን አይሂዱ። የደሴና የአካባቢዋ ብርድ የታወቀ ነው፤ ቢሆንም እግራቸውን ፍም ዳር እንዳያሞቁ ይጠንቀቁ፣ የደነዘዘ እግር ሲቃጠል አይሰማውምና።

ስለ ላሟ ደግሞ ዛሬውኑ ይነሡ። በአንድ በኩል ያበጠና የሚሞቅ ግት አብዛኛውን ጊዜ በጡት በኩል የገባ ተሕዋስ የሚያመጣው ሕመም ነው። ከእያንዳንዱ ጡት የመጀመሪያውን ወተት ለየብቻ በጥቁር ጨርቅ ላይ አልበው ይመልከቱ፤ የረጋ ቁርጥራጭ፣ ውኃ የመሰለ ነገር ወይም ደም ካዩ ያ ጡት ታሟል። ያን ጡት ከሌሎቹ በኋላ ይለቡት፣ ወተቱን ለሰውም ለጥጃም አይስጡት፣ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፣ የእንስሳት ሐኪምም ያስጠሩ። ተሕዋሱን የሚገድል መድኃኒት ሲሰጣት ወተቷ የማይጠጣባቸው ቀኖች ይኖራሉ፤ ስንት እንደሆኑ ሐኪሙን ይጠይቁ። ሕክምናው ከዘገየ ያ የግት ክፍል ለዘለዓለም ሊደርቅ ይችላልና፣ ለሳህን ድምፅ የሚሰጠው ሳምንት ከወተቱ ላይ የሚቆረጥ ነው።

ሰው ሕመሙን ይናገራል፣ የተባለለት ሕክምና ካልጠቀመውም ይተወዋል፤ ላም ግን ምርጫ የላትም፤ ስለዚህ በእንስሳት ላይ የሚሞከር ነገር ከሰው ይልቅ ጥንቃቄ ይሻል ብለን እናምናለን። የወሎ ሰው ከብት ማለቅ ምን እንደሚያስከትል ከአያቶቹ ሰምቷል፤ እ.ኤ.አ. ከ1888 እስከ 1892 የዘለቀው ክፉ ቀን የጀመረው የደስታ በሽታ የሚባለው የከብት ወረርሽኝ በሬውን ጨርሶ እርሻው ጦም ስላደረ ነበር። ያ በሽታ እ.ኤ.አ. በ2011 ከዓለም መጥፋቱ የታወጀው በክትባትና ወረርሽኙን ተከታትሎ በማሰስ ነው። ዛሬ ኮምቦልቻ የእንስሳት በሽታ መመርመሪያ ላቦራቶሪ ያላት ከተማ ናት፤ የወረዳችሁ የእንስሳት ሐኪም ከአቅሙ በላይ የሆነበትን ናሙና ወደዚያ መላክ ይችላል።

ጥያቄ፦ እኛ ወሎዬዎች በገናው፣ መንዙማው፣ እነባቲና አምባሰል እያሉን ከሩቅ አገር የመጣ ሳህን ለምን ያስፈልገናል? የእኛስ የድምፅ ሕክምና አይደለምን?
ከደሴ

መልስ፦ የሚያሳርፍ ድምፅ በማግኘት ረገድ በእርግጥ የተቸገርን አይደለንም። በገና ዐሥር አውታሮች አሉት፤ ያ ጥልቅና የሚነዝር ድምፁ የሚወጣው ከአውታሩ ሥር ከሚገባው ቁራጭ ቆዳ ነው፣ ደርዳሪዎች እንዚራ ይሉታል። በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 16 ዳዊት በገና ሲደረድር ሳኦል ያርፍ እንደነበር ተጽፏል። መንዙማ በሚባልበት ጉባኤ፣ በሐድራ ላይ፣ ድቤው ሲመታ፣ አንዱ ሲያወጣ ሌላው ሲቀበል፣ ተቀማጩ በአንድ ትንፋሽ እየተነፈሰ ሐሳቡ ሲቀልለት ያየ ሁሉ ያውቀዋል። አምባሰልን በክራር እየሰማ ያልተረጋጋ ወሎዬም ጥቂት ነው። ለጭንቀትና ለእንቅልፍ ማጣት እነዚህን ማዳመጥ ምንም ወጪ የለውም፣ ጉዳትም የለውም። ይሁን እንጂ በገናና መንዙማ በመጀመሪያ ጸሎትና ውዳሴ ናቸው፤ የሕክምና ስም ሰጥተን ዋጋ ብንቆርጥባቸው ከሳህኑ ባለቤት በምን እንለያለን?

ጥያቄ፦ ውሻዬ ነጎድጓድ በሰማ ቁጥር አልጋ ሥር ገብቶ ይንቀጠቀጣል። ፎቶውን ብልክለት ከሩቅ ሆኖ ኃይል እንደሚልክለት የነገረኝ ሰው አለ። ይሠራል?
ከኮምቦልቻ

መልስ፦ በፎቶ አይሠራም፤ ገንዘብዎን ይያዙ። ለፍርሃቱ ግን የሚደረግ ነገር አለ። ውሻ ከእኛ የላቀ ጆሮ አለው፤ እኛ ከ20 ሺህ ሄርዝ (በሰከንድ ከ20 ሺህ ርግብግብ) በላይ ያለውን አንሰማም፣ እርሱ ግን እስከ 45 ሺህ ገደማ ይሰማል፤ ስለዚህ ሳህን ወይም ደወል አጠገቡ አይምቱ። ዝናብ ሲያስገመግም በርና መስኮት ዘግተው፣ ዝግ ያለ ሙዚቃ በዝቅተኛ ድምፅ ይክፈቱለት፣ የሚሸሸግበትን ቦታም አይከልክሉት፣ አይቆጡትም። ስኮትላንድ ውስጥ በማቆያ ባሉ ውሾች ላይ የተደረገ ጥናት ሙዚቃ ሲከፈትላቸው ተጋድመው የሚያርፉበት ጊዜ እንደሚጨምር አሳይቷል።

ነጎድጓድ በሌለበት ጠባዩ በድንገት ከተለወጠ፣ ለሐጩ ከተዝረበረበ፣ መዋጥ ካቃተው ወይም ያለ ምክንያት መንከስ ከጀመረ ግን ነገሩ ፍርሃት ላይሆን ይችላል፤ አይቅረቡት፣ ለእንስሳት ሐኪም ያሳውቁ። የነከሰው ሰው ካለ ቁስሉን በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ለክትባት ጤና ተቋም ይሂድ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ሰው ላይ አንዴ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል፣ ክትባቱ ግን በጊዜው ከተወሰደ ያድናል።