ወንድሜ ፓሪስ ነው፣ ዓይኑን አሞታል

ጥያቄ፦ የምጽፍልዎ ከባሕር ዳር ነው። ፓሪስ ያለው ወንድሜ ከትናንት ማታ ጀምሮ በአንድ ዓይኑ ብልጭ ብልጭ የሚል ብርሃን ይታየዋል፣ ጥቁር ነጠብጣብም በዝቶበታል። ቀጠሮ ሲጠይቅ ከሦስት ወር በኋላ አሉት። እዚህ ቢሆን እጁን ይዤ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል እወስደው ነበር። ምን ልበለው?
እህቱ፣ ከጣና ዳር

መልስ፦ እህቴ፣ ይህን እንዳነበብሽ ደውይለት። ቀጠሮውን እንዳይጠብቅ! ብልጭታና ነጠብጣብ በድንገት ሲመጣ ሬቲና የሚባለው የዓይን ውስጠኛ ሽፋን ተቀዶ ወይም እየተላቀቀ ሊሆን ይችላል። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው ማለቴ አይደለም፤ ግን ሐኪም ዛሬውኑ ማየት አለበት። እንደ መጋረጃ ያለ ጥላ ከጀመረውማ አንድ ሰዓትም አያባክን።

ያ የወራት ወረፋ ለመደበኛ ምርመራ ነው። ለድንገተኛ ሕመም ሌላ በር አለ። ባስቲል አካባቢ ካንዝ ቫን የሚባል የዓይን ሆስፒታል አለ፣ ንጉሥ ሉዊ 9ኛ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ለ300 ዓይነ ስውራን ያቋቋመው፣ ስሙም 15 ጊዜ 20 ማለት ነው። ድንገተኛ ክፍሉ ያለ ቀጠሮ ይቀበላል። የሌላ ሐኪም ወረቀትም አያስፈልገውም።

ግራ ከገባው ወደ ድንገተኛ ሕክምና ስልክ ቁጥር 15 ይደውል፣ ወዴት እንደሚሄድ ይነግሩታል። መኪና ግን አይንዳ፣ ለምርመራ የሚደረገው ጠብታ እይታን ለሰዓታት ያደበዝዛል። የጤና መድን ከሌለውም አይቅር፤ በመንግሥት ሆስፒታሎች ፓስ የሚባል አገልግሎት አለ፣ እዚያ ያሉት የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኞች ያግዙታል።

ሐኪሙ ያለውን ጻፊልኝ፣ እጠብቃለሁ።