ስንት ላም ነበራችሁ?

ልጆች፣ ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁት ከመሬት ወረቀት ጋር ነው። አገር ቤት ቀያሽ ነበርኩ። እዚህ ካናዳ፣ ኤድመንተን ከመጣሁ በኋላ ደግሞ ጡረታ እስክወጣ የድሮ የመሬት ፋይል ሳገላብጥ ኖርኩ። ብዙዎቻችሁ እዚሁ አልበርታ ተወልዳችሁ ያደጋችሁ ስለሆናችሁ፣ ከእነዚያ ፋይሎች ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

ፕሬሪ የሚባለውን ሰፊ የሣር ሜዳ በመኪና ስታቋርጡ አይታችሁታል። እ.ኤ.አ. በ1872 የካናዳ መንግሥት አንድ ሕግ አወጣ። 10 ዶላር የከፈለ ሰው 160 ኤከር ይወስዳል። በእኛ ከአንድ ጋሻ ተኩል በለጥ ይላል። ቤት ይሠራል፣ ያርሳል፣ በዓመት ቢያንስ 6 ወር እየኖረበት 3 ዓመት ከቆየ መሬቱ የራሱ ይሆናል። አሜሪካኖቹ በ1862 ተመሳሳይ ሕግ አውጥተው ነበር፣ የእነሱ ግን 5 ዓመት ይጠይቅ ነበር። ወሰን ወንዝና ጋራ ተከትሎ ሲሄድ ለለመድኩት ለእኔ፣ ካርታው መጀመሪያ ላይ ግራ አጋብቶኛል። መሬቱ 6 ማይል በ6 ማይል ተቀይሶ 36 ቦታ ይከፈላል፣ እያንዳንዱ ደግሞ እንደገና ለ4። ወንዝ ቢመጣም መስመሩ ቀጥ ብሎ ያልፋል።

ሰፋሪው የባለቤትነት ወረቀቱን ሊወስድ ሲመጣ በመሐላ የሚሞላው ቅጽ አለ። መቼ ገባህ? በየዓመቱ ስንት ኤከር አረስክ፣ ስንቱን ዘራህ? ስንት ፈረስ፣ ስንት ላም አለህ? ቤትህ ስንት በስንት ነው፣ ስንት ያወጣል? ሁለት ጎረቤት ይመሰክሩለታል። መጻፍ የማይችለው በፊርማው ቦታ የመስቀል ምልክት ያደርጋል። ደረቅ ወረቀት ነው፣ ግን እኔ እንደዚህ ወረቀት ሰው የሚያሳይ ነገር አላየሁም።

አንድ ቀን ሰባዎቹን ያለፉ ሰውዬ የአያታቸውን ፋይል ፈልገው መጡ። «አያቴ ይህን መሬት ብቻውን ነው ያቀናው» አሉኝ በኩራት። ፋይሉን አብረን ከፈትን። አያትየው በየክረምቱ፣ ከኖቬምበር እስከ ማርች፣ ባቡር ሐዲድ ሥራ ላይ ነበሩ። ሕጉ ስለሚፈቅድና ገንዘብም ስለሌለ አብዛኛው ሰፋሪ እንዲያ ያደርግ ነበር። ቤቱ 12 ጫማ በ14 ጫማ። 4 ላም። ከታች ደግሞ «ሚስትና 3 ልጆች» ይላል፣ ስም የለም። ሰውዬው ብዙ ዝም አሉና «ታዲያ በዚያ ብርድ ላሞቹን ማን ነበር ውሃ የሚያጠጣቸው?» አሉኝ። መልሱ እዚያው ፊታቸው ነበር። በረዶ እየሰበረች ያጠጣችው ሴትዮ የአባት ስም ማን እንደነበር ግን አያውቁም። ያን ጊዜ በካናዳ ሕግ ሴት ባሏ ካልሞተ ወይም በሌላ ምክንያት የቤት ኃላፊ ካልሆነች በስሟ ይህን መሬት መጠየቅ አትችልም ነበር፣ ስለዚህ ፋይሎቹ በወንድ ስም የተሞሉ ናቸው።

እሷን የምታገኟት ቤተሰቦች ራሳቸው በጻፉት ታሪክ ውስጥ ነው። በተለይ በ1980 አልበርታ 75ኛ ዓመቷን ስታከብር የገጠር ከተሞቹ እየተሰባሰቡ ወፍራም ወፍራም መጽሐፍ አሳትመዋል፣ እያንዳንዱ ቤተሰብ ሁለት ሦስት ገጽ ጽፎበት። አንዱ ቤት ያረጀ ወሬ ይደጋግማል። ሌላው ግን፣ የሣር ሥር ካለበት አፈር ተቆርጦ በተሠራው ቤት ውስጥ ዝናቡ ውጭ ካባራ በኋላ እንኳ ጣሪያው ለቀናት ይንጠባጠብ እንደነበር፣ እናት አፈሩ ወጥ ውስጥ እንዳይገባ ከምድጃው በላይ ጨርቅ እንደወጠረች ይጽፍላችኋል። እንዲህ ያለውን የጻፈው ሰው ቤት ውስጥ የነበረ ነው።

እነዚያን መጽሐፎች ስታነቡ ግን የጎደለውንም ፈልጉ። ብዙዎቹ «ባዶ መሬት» ይላሉ። ባዶ አልነበረም። ኤድመንተን ያለችበት መሬት በ1876 በመንግሥትና በነባር ሕዝቦች መካከል የተፈረመው የ6ኛው ውል መሬት ነው፣ ክሪዎችና ሌሎች ነባር ሕዝቦች ይኖሩበታል። ይተዳደሩበት የነበረው ጎሽ ሲያልቅባቸው በረሃብ ላይ ሆነው ነው ወደ ጠበበ ክልል የተገፉት። ይህን ሳይናገሩ «አያቴ መሬቱን አቀና» ማለት ልክ አይደለም፤ ደጋግሜ የምናገረውም አገር ቤት ስቀይስ «ባዶ ነው» ተብሎ የተሰጠኝ መሬት ላይ ከብት የሚያግዱ ሰዎች ስላገኘሁ ነው።

አንድ ቦታ ደግሞ ሂዱና እዩልኝ። ከኤድመንተን በስተሰሜን፣ አታባስካ ከተማ አጠገብ፣ አምበር ቫሊ ይባላል። አሜሪካ ውስጥ ኦክላሆማ በ1907 ክፍለ ግዛት ስትሆን ጥቁሮችን የሚለይ ሕግ አወጣች፣ በ1910 ደግሞ የመምረጥ መብታቸውን ነጠቀች። ያን ጊዜ ጥቁሮቹ ቤተሰብ ይዘው ወደ አልበርታ፣ ወደዚህ ቦታ መጡ። መሬቱ ጫካና ረግረግ ነበር። ኤድመንተን ውስጥ፣ ወደ ካናዳ እንዳይገቡ ፊርማ ተሰባሰበባቸው፣ በነሐሴ 1911 የፌዴራል ካቢኔው ጥቁሮች ለአንድ ዓመት እንዳይገቡ ወሰነ። ውሳኔው ሥራ ላይ ሳይውል ተሻረ። እነሱ ግን ጫካውን መንጥረው ትምህርት ቤትና ቤተ ክርስቲያን ሠሩ፣ በአካባቢው የታወቀ የቤዝቦል ቡድንም ነበራቸው። ይህን ሁሉ ዛሬ የምናውቀው ልጆቻቸው አያቶቻቸውን ስለጠየቁ፣ ፎቶ ስላስቀመጡ ነው። ትምህርት ቤት «እናንተ ትናንት የመጣችሁ ናችሁ» ስትባሉ እነሱን አስታውሱ።

እንግዲህ የምለምናችሁ ይህ ነው። እናትና አባቶቻችሁን ዛሬ ጠይቋቸው፣ በስልካችሁ ቅዱ። «ሕይወት እንዴት ነበር?» አትበሏቸው፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው ይዘጉታል። የመጀመሪያው ኪራይ ስንት ነበር? በብርዱ ስንት ሰዓት አውቶቡስ ትጠብቁ ነበር? ማነው ጃኬት የሰጣችሁ? እንጀራውን በምን ዱቄት ጋገራችሁት? አባት ሲያወራ ደግሞ ኩሽና ያለችውንም ጥሩና ጠይቁ። ቁጥሩን ሲናገሩ የማትጠብቁት ነገር አብሮ ይወጣል።

እኔ እናቴን ሁለት ካሴት ሙሉ ቀድቻታለሁ። ስለ ጣልያን ጠየቅኋት፣ ስለ ንጉሡ ጠየቅኋት፣ ስለ አብዮቱ ጠየቅኋት። ስንት ላም እንደነበራት አልጠየቅኋትም። ከበስተኋላ ግን፣ ሁለተኛው ካሴት ላይ፣ ወሬዋን አቋርጣ «ኧረ ቦራ፣ ነይ ከዚያ ውጪ» ስትል ይሰማል። የአንዷን ስም ያወቅሁት በዚያ ነው።