ደጀን ቁልቁለት ላይ የሰመጠው ፍሬን

«ጋሼ፣ የደረቅ ጭነት መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ አምስት ወሬ ነው። እስካሁን የምነዳው ከአንድ ትልቅ ሾፌር ጋር እየተቀያየርኩ ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን ባለቤቱ አይሱዙ ኤን ፒ አር ጭነት መኪናውን ለብቻዬ ሰጠኝ፤ ረዳትም የለኝም። ከባሕር ዳር 40 ኩንታል ጤፍ ጭኜ ወደ አዲስ አበባ ስሄድ፣ ከደጀን በታች በዓባይ በረሃ ቁልቁለት አጋማሽ ላይ የተቃጠለ ሽታ መጣ። ትንሽ ቆይቶ ፍሬን ስረግጥ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ሆኖ ወደ ታች ሰመጠ። እንደ ምንም ጥግ ይዤ አቆምኩና የኋላ ታምቡሮቹ ላይ ከጀሪካን ውኃ ደፋሁባቸው። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቼ ስሞክረው ፍሬኑ ተመለሰ፣ በዝግታ ጨርሼ ገባሁ። ጋራዥ ወስጄው ‹ሸራው ገና ነው፣ ምንም የለውም› አሉኝ። ማክሰኞ እንደገና እወጣለሁ። ችግሩ የመኪናው ነው የእኔ? እውነቱን ለመናገር ብቻዬን መሆኔ አስፈርቶኛል።»

ወንድሜ፣ እንኳን እግዚአብሔር አተረፈህ። ችግሩ የመኪናውም ያንተም ነው። ሁለቱም እስከ ማክሰኞ ሊስተካከሉ ይችላሉ፤ መኪናው ካልተስተካከለ ግን አትውጣ። ባለቤቱ ካላመነህ ይህን ጽሑፍ አሳየው።

ከመኪናው ልጀምር። የጋራዡ ሰዎች የዋሹህ አይመስለኝም፤ ሸራው፣ ማለትም ታምቡር የሚባለውን ከጎማው ጋር የሚዞር ብረት ከውስጥ እየታከከ የሚያቆመው ልባስ፣ ገና ሊሆን ይችላል። አንተ ያየኸው ግን የሸራ ምልክት አይደለም። ሸራ በሙቀት ሲከዳ ፔዳሉ እንደጠነከረ ነው፤ ባለህ ጉልበት ትረግጣለህ፣ መኪናው ግን አይያዝልህም። ፔዳሉ ራሱ ከእግርህ ሥር ሲሸሽ ችግሩ የፍሬን ዘይቱ ጋ ነው፤ ወይ ይፈሳል፣ ወይ ፈልቷል። ያንተ ሲበርድ ተመልሷል። የሚፈስ ዘይት ግማሽ ሰዓት ስላረፈ አይመለስም፤ ስለዚህ ያንተው ፈልቷል።

የፍሬን ዘይት እርጥበት ይጠጣል። በላስቲክ ቱቦውና በማጠራቀሚያው ክዳን በኩል ቀስ እያለ ይገባበታል፤ ሁለት ሦስት ክረምት ጣና ዳር የከረመ ዘይት ምን ያህል እንደሚጠጣ አስበው። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት ዓይነት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ ውኃ ከጠጣ በኋላ ግን 140 ላይ ሊፈላ ይችላል። ዶት 4 አዲሱ 230፣ ውኃ የጠጣው 155 ነው። ሲፈላ እንፋሎት ይፈጥራል። ዘይት አይጨመቅም፣ እንፋሎት ግን ይጨመቃል፤ እግርህ የገፋው ኃይል ጎማው ጋ ሳይደርስ እንፋሎቱን ሲጨምቅ ያልቃል። መኪናው ሲበርድ እንፋሎቱ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆንና ፔዳሉ ይጠነክራል። ጋራዥ ስትገባ ምንም ያልተገኘው ለዚህ ነው።

ተመልሰህ ስትሄድ «ፍሬኑን እዩልኝ» ብቻ አትበል። አሮጌው ዘይት ከአራቱም ጎማ ሙሉ በሙሉ ይውጣ፣ አዲስ ይግባ፣ አየሩ በደንብ ይውጣ በላቸው። ከላይ መጨመር መለወጥ አይደለም። ዘይቱ እዚያው ፊትህ የሚከፈት የታሸገ ጠርሙስ ይሁን፤ ተከፍቶ መደርደሪያ ላይ የሰነበተው እዚያው ሆኖ እርጥበት ጠጥቷል። ዓይነቱ ማጠራቀሚያው ክዳን ላይ የተጻፈው ነው። የሞተር ዘይት ጠብታ እንኳ እንዳይገባበት፤ የፍሬኑን ጎሚኒ፣ የላስቲክ ማሸጊያውን፣ ያሳብጠዋል።

ቀጥሎ፣ ውኃ የደፋህባቸው ታምቡሮች ይፈቱ። የጋለ የሸክላ ምጣድ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ቢደፋበት ምን እንደሚሆን ታውቃለህ፤ ብረትም እንደዚያው ነው። በውስጥ በኩል ላይ ላዩን የሚታዩ ፀጉር የሚያካክሉ መስመሮች ብዙ ጊዜ ሙቀት የሚተዋቸው ናቸው። እስከ ጠርዙ የዘለቀ ስንጥቅ ካገኙ ግን ታምቡሩ ይቀየር። «በየድነው» ካሉህ መኪናህን ይዘህ ውጣ። ሸራዎቹም በአራቱም ጎማ እኩል ይስተካከሉ፤ አንዱ ጠብቆ ሌላው ከላላ የጠበቀው የሁሉንም ሥራ ብቻውን ይሠራና ይግላል። ይህን አንተም ልታውቀው ትችላለህ፦ ጥቂት ኪሎ ሜትር ነድተህ ቁም፣ መዳፍህን ሳታስነካ ወደ እያንዳንዱ ጎማ መሐል አስጠጋ። ከሌሎቹ ለይቶ መዳፍህን የሚለበልብ ጎማ ካለ በሽተኛው እሱ ነው።

አሁን ወዳንተ ልምጣ። ከደጀን እስከ ዓባይ ወንዙ ሕዳሴ ድልድይ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚያች መንገድ ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁል ትወርዳለህ። ያንን ክብደት የሚይዘው ሞተሩ ካልሆነ ፍሬኑ ነው፤ ፍሬኑ የያዘው ሁሉ ደግሞ ሙቀት ይሆናል። አልጻፍክልኝም እንጂ ከፍ ባለ ማርሽ፣ እግርህን ከፍሬኑ ሳታነሳ እንደወረድክ እገምታለሁ። ከባሕር ዳር እስከ ደጀን ያለው መንገድ አብዛኛው የሚያስኬድ ስለሆነ እግር ያንን ለምዶ ይመጣል። ስንቱ ጥሩ ሾፌር እዚያች ቁልቁለት ላይ ተታሏል።

ማርሽ የሚመረጠው ከደጀን ከተማ ሳትወጣ፣ መሬቱ ገና ደልዳላ ሳለ ነው። ያንኑ ዳገት ጭነህ ብትወጣው በምትጠቀምበት ማርሽ ወይም ከዚያ አንድ ዝቅ አድርገህ ውረድ፤ ላንተ መኪና ብዙ ጊዜ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ነው። ቁልቁለቱ መሐል፣ መኪናው ከፈጠነ በኋላ፣ ልቀንስ ብትል ማርሹ እምቢ ሊልህ ይችላል፤ ያኔ ዜሮ ማርሽ ላይ ትቀራለህ። የሞተር ፍሬኑንም ያኔውኑ ክፈተው። ጭሱን አፍኖ ነው የሚይዘው፣ ደህና የሚይዘውም ሞተሩ ጮክ ብሎ ሲዞር ነው። ስለዚህ ድምፁ አያስደንግጥህ፣ የሞተር ዙር ቆጣሪው ቀስት ቀዩ ጋ አይድረስ እንጂ። ፍሪሲዮን ከረገጥክ ይህ ሁሉ እርዳታ ይቋረጣል፤ ግራ እግርህን ወለሉ ላይ አሳርፈው።

ፍጥነትህን ወስን፤ 30 እንበል። የፍጥነት ቆጣሪው ቀስት 30 ሲነካ ጠንከር አድርገህ ረግጠህ እስከ 20 አውርደውና ልቀቅ፤ ወደ 30 ሲመለስ ደግመው። በለቀቅክበት ጊዜ ታምቡሩ ይተነፍሳል። በስሱ ረግጦ ይዞ መውረድ ነው የሚያቃጥለው፤ እግርህ የማይሰማውን ያህል ብትረግጥ እንኳ ሸራው እየታሸ ነው። ቶሎ ቶሎ መርገጥ ካስፈለገህ ማርሽህ ከፍ ብሏልና ቆመህ ቀንስ። በበረሃው ውስጥ መሬቱ እየተንሸራተተ አስፋልቱን ያጨማደደበት ቦታም አለ፤ በዝግታ ካልሆነ ጭነቱ ይወዘወዝብሃል።

አንዳንድ ሰው ናፍጣ ለመቆጠብ ብሎ በዜሮ ማርሽ ይወርዳል፣ ሞተር የሚያጠፋም አይቻለሁ። ተው። ያንተ መኪና ፍሬን የሚያግዘው ሞተሩ የሚስበው ቫኪዩም ነው፤ ሞተሩ ከጠፋ ሁለት ሦስቴ ከረገጥክ በኋላ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆንብሃል። ቁጠባውም የለም፤ ማርሽ ውስጥ ሆነህ ነዳጁን ከለቀቅክ ሞተሩን የሚያዞረው ቁልቁለቱ ስለሆነ ናፍጣ የሚጠጣው ከምንም አይቆጠርም።

ሽታ ከመጣ ፔዳሉ እስኪሰምጥ አትጠብቅ። ሰፊ ቦታ ፈልገህ ቁም፣ ጎማ ሥር ታኮ አድርግ፣ በነፋስ ይብረድ። ውኃውን ለራስህ ጠጣው።

ብቻህን መሆንህን በተመለከተ፣ ፍርሃትህ ትክክል ነው፤ አትፈርበት። ረዳት ሁለተኛ ዓይንህና ሁለተኛ ጆሮህ ነበር። እሱ ከሌለ የሚተካው ከጋቢና መውረድ ብቻ ነው። መርዓዊ ላይ ውረድ፤ ጆንያ ገና በመጀመሪያው 30 ኪሎ ሜትር ይረጋል፣ ባሕር ዳር ላይ እንደ ክራር ክር ጠብቆ የነበረው ገመድ እዚያ ላልቶ ታገኘዋለህ። እንጅባራ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ደብረ ማርቆስ፣ ደጀን፣ በየቦታው ዞር ዞር በል። ጎማዎቹን በብረት መታ መታ አድርጋቸው፤ የሞላው ይነጥራል፣ የጎደለው ብረቱን ዋጥ ያደርገዋል። በጥንዶቹ የኋላ ጎማዎች መሐል ድንጋይ ተሰንቅሮ እንደሆነ እይ። ጎማ ስለጋለ ነፋሱ በዛ ብለህ ግን አታስተንፍስ፤ የሚለካው በብርዱ፣ ጠዋት ነው።

አንድ ነገር ላይ ግን ጠበቅ ልበል። እኔ መጀመሪያ ብቻዬን በወጣሁበት ወር ከወረታ ወደ ባሕር ዳር ስመለስ ፎገራ ሜዳ ላይ የኋላ ጎማዬ ፈነዳ። መንገዱ ሜዳ ይመስላል። የእጅ ፍሬን ሳብኩ፣ ክሪኩን ከአክሱ ሥር ተከልኩ፣ ጎማው ከመሬት ለቀቀ። ዳዶዎቹን ልፈታ ቁጢጥ ብዬ ሳለሁ አንድ ትንሽ ድምፅ ሰማሁ፤ አስፋልቱ ላይ ጠጠር ሲፈጭ። ቀና ስል የክሪኩ አንገት ወደ አንድ ጎን እያዘመመ ነው፤ መኪናው እንቅልፍ እንደወሰደው ሰው ቀስ እያለ ወደ ፊት ይሄዳል። ወደ ኋላ ተስፈንጥሬ ሩዝ ማሳው ጠርዝ ላይ ወደቅኩ። መኪናው ከክሪኩ ላይ ተንሸራቶ ቁጢጥ ብዬበት የነበረው ቦታ ላይ ተቀመጠ።

ምክንያቱን ያወቅሁት በኋላ ነው። በእነዚህ አይሱዙዎች ብዙዎቹ ላይ የእጅ ፍሬኑ ጎማው ላይ አይደለም፣ ከካምቢዮው፣ ከማርሽ ሳጥኑ፣ ኋላ ኃይል ወደ ጎማ የሚያደርሰው ዘንግ ላይ ነው። አንዱ የኋላ ጎማ ከመሬት ሲነሳ ኃይሉን ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያካፍለው ዲፈረንሻል የተነሳውን ጎማ በነፃ እንዲዞር ይተወዋል፤ በዚያው ቅጽበት ዘንጉ ቢታሰርም መሬት ላይ የቀረውን ጎማ የሚይዘው ነገር የለም። ማርሽ አስገብተህ ብትተወውም ያው ነው። ስለዚህ ክሪክ ከማንሳትህ በፊት የፊት ሁለቱን ጎማዎች ከፊትም ከኋላም በታኮ እሰራቸው። ታኮው ከመኪናው ጋር ይዙር፤ ፎገራ ሜዳ ላይ ድንጋይ ፍለጋ መዞር ምን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ። ዳዶዎቹን ጎማው መሬት ላይ ሳለ አላላቸው፤ ቀይረህ ከነዳህ በኋላ 50 ኪሎ ሜትር ሳትሞላ ቆመህ እንደገና አጥብቃቸው።

ወደ ኋላ ስትነዳም «ና! ና! በቃ!» የሚልህ የለም። ባሕር ዳር ውስጥ ባጃጅ ስፖኪዮ በማያሳይህ ቦታ ከምኔው ይገባል፣ ልጆችም አሉ። ወርደህ ዞረህ እይ፣ ሬዲዮ አጥፋ፣ መስኮት ክፈት፣ ምርጫ ካለህ በራስህ በኩል፣ ማለትም በግራ፣ እየታጠፍክ ግባ። መጋዘን በር ላይ ከተጠራጠርክ መሐል ላይም ቢሆን ደግመህ ውረድ። ከኋላህ ቢያንባርቁብህም ይቆዩ።

ለባለቤቱ ደግሞ ይህን በልልኝ፦ ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ጉዞዎች እንኳ ረዳት ይስጥህ። የረዳት አበል አንድ ታምቡር ከነሥራው ከሚያስወጣው አይበልጥም። እምቢ ካለ ቢያንስ ጊዜ ይስጥህ። ንጋት 12 ሰዓት ከባሕር ዳር ብትነሳ ደጀን የምትደርሰው ከሰዓት በኋላ፣ ደክሞህ፣ በረሃው በጋለበት ሰዓት ነው። እኔ ብሆን የመጀመሪያውን ወር ደጀን አድሬ ጠዋት በብርዱ እወርድ ነበር። ማታውኑ ከታች ከወጡ ሾፌሮች ስለ መንገዱ ትጠይቃለህ፣ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ ዘይትና ውኃ ታያለህ።

ጋራዡ አሮጌውን የፍሬን ዘይት ሲያወጣ በንጹሕ ጠርሙስ ተቀበልና ብርሃን ላይ እየው። አዲሱ እንደ ጠጅ የጠራ ነው። ያንተው እንደ ቡና ጠቁሮ ከወጣ ለባለቤቱ አሳየው፣ ለእኔም ጻፍልኝ። ጥርት ብሎ ከወጣ ግን ሌላ ነገርም መፈለግ አለብን፤ ያኔ ማክሰኞን ሰርዝና የኋላ ጎማ ሲሊንደሮቹንና ዋናውን የፍሬን ፓምፕ አስፈትሽ።