የደም ልገሳ ቴምብር ከየት ልጀምር ላልከው

«ደም ልገሳን የሚዘክሩ ቴምብሮች መሰብሰብ አምሮኛል፤ ኢንተርኔት ላይ መቶውን ባንድ ጥቅል የሚሸጥ አግኝቻለሁ፣ ልግዛ?» ላልከው የሐረሩ ወንድሜ፦ አትግዛ አቦ! እኔ ገዝቼ አይቼዋለሁ። ቀይ መስቀል የታተመበት ሁሉ ታጭቆበት መጣ፤ አምቡላንስ፣ ድንኳን፣ ነርስ። ደም የሚመለከተው ከአምስት አይበልጥም።

አንድ በአንድ ልቀም። የአሜሪካው የ1971 (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) ባለ 6 ሳንቲም «ደም መለገስ ሕይወት ያድናል» የሚል ነው። በብዛት ስለታተመ ርካሽ ነው፤ ውድ ዋጋ የጠራብህን ስቀህ እለፈው። የፈረንሳይ የ1959 እና የሶቪየት የ1965 ለጋሾችን የሚያከብሩ አሉ። የሶቪየቶቹን ስታገኝ ጀርባቸውን ገልብጥ፦ ማህተም ተመትቶባቸው ሙጫቸው ካልተነካ፣ ደብዳቤ ላይ ተለጥፈው አልተጓዙም፤ ለሰብሳቢ ተብሎ የተመታ ነው። ሐሰተኛ አይደለም፤ ግን «ከደብዳቤ የተነሳ» ብሎ ለሚሸጥልህ አትክፈል።

የደም ዓይነቶችን የለየው ላንድሽታይነር በተወለደ በ100 ዓመቱ፣ በ1968፣ ኦስትሪያ ቴምብር አውጥታለታለች። የዓለም የደም ለጋሾች ቀን ሰኔ 7 (ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው) የዋለው በእሱ ልደት ነው። የፕላዝማን (የደም ፈሳሽ ክፍል) አቆያየት ያሻሻለው የቻርልስ ድሩ ባለ 35 ሳንቲምም (አሜሪካ፣ 1981) አለ። «እነዚህ ሐኪም እንጂ ለጋሽ አይደሉም» የሚለኝ ጓደኛ አለኝ። አልበሙ የኔ ነው፣ አስገብቻቸዋለሁ።

አያያዝ ላይ ከኔ ተማር። የፈረንሳዩን መጀመሪያ ደብተር ላይ በኮላ ለጠፍኩት። ኋላ ላነሳው ብዬ በጀበና እንፋሎት ላይ ያዝኩት፤ ጀርባው ተልጦ ሳሳ፣ ከጠርዙ ጥርሶችም ሁለቱ ተቆረጡ። ኮላም ፕላስተርም አታስጠጋ፤ በወረንጦ ያዝ፣ ኪስ ባለው አልበም አስቀምጥ። በድሬ የግንቦት ሙቀት ላብ ያለበት ጣት ብቻውን ሙጫውን ያቀልጠዋል። እናንተ ሐረር ትንሽ ይቀላችኋል።

ከሁሉ የምወደው ግን በገንዘብ ያልገዛሁት ገጽ ነው። ሰኔ 7 ደም እለግስና በቀጥታ ፖስታ ቤት ሄጄ፣ ለራሴ ፖስታ ሳጥን ባዶ ፖስታ እልካለሁ፤ ቀኑ ያለበትን ማህተም ቀስ ብለው ጥርት አድርገው እንዲመቱልኝ እለምናለሁ፤ የዓመቱ ገጽ ያ ፖስታ ነው። ቀኑ እሁድ የዋለ ዓመት ገጹ ባዶ ይቀራል። ዘንድሮ አንተም ከሐረር አንድ ላክልኝ፣ የድሬውን እልክልሃለሁ። የ1971ዱ ሁለት አለኝ፤ አንዱን አብሬ አስገባልሃለሁ፣ ሂሳብ የለውም።