የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ በማርች መጀመሪያ ቡልጋሪያን መጎብኘት

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ በማርች የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ቡልጋሪያን ለመጎብኘት አስበናል። አገሩን የሚያውቁ ወዳጆቻችን ግን «በዚያ ወቅት ብርድ ነው፤ ባሕሩም ተራራውም አይሆናችሁም፤ እስከ ጁን ብትጠብቁ ይሻላል» አሉን። ምን ትመክሩናላችሁ?

መልስ፦ ወዳጆቻችሁ ስለ ባሕሩ የነገሯችሁ ልክ ነው፤ ጉዞውን አዘግዩት ማለታቸው ግን ተገቢ አይመስለንም። በቡልጋሪያ የማርች አየር እንደ ቦታው ከፍታ እጅግ ስለሚለያይ፣ የጉዞ ዕቅዳችሁን በከፍታ ከፋፍላችሁ ብታወጡት ወቅቱ ይመቻችኋል። ሶፊያ ከባሕር ወለል በላይ 550 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ቀኑ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብዙም አያልፍም፤ ሌሊቱ ወደ ዜሮ ይጠጋል፤ አልፎ አልፎም በረዶ ይጥላል። ከዋና ከተማዋ በደቡብ ምሥራቅ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በዝቅተኛው ሜዳ ላይ የተመሠረተችው ፕሎቭዲቭ ግን ሞቅ ትላለች፤ ወደ ግሪክ ድንበር የተጠጉት ሳንዳንስኪ፣ ፔትሪችና መልኒክ ደግሞ ጸደይ ከሌላው የአገሪቱ ክፍል ቀድሞ የሚገባባቸው ናቸው። በአንጻሩ በሪላ ተራሮች ላይ ክረምቱ ገና አልወጣም። በባልካን ምድር ከሁሉም የሚበልጠው የሙሳላ ተራራ ከፍታው 2925 ሜትር ሲሆን፣ በፎቶግራፍ የሚታወቁት ሰባቱ የሪላ ሐይቆችም በዚያ ወር በረዶ እንደ ሸፈናቸው ነው። ስለዚህ ሐይቆቹን፣ የጥቁር ባሕር መዝናኛዎችንና በሜይና በጁን የሚያብበውን የካዛንላክ ጽጌረዳ ከዕቅዳችሁ አውጡ። የበረዶ መንሸራተት የምትወዱ ከሆነ ግን ባንስኮ በዚያ ወቅት ሥራ ላይ ናት።

ከዚህ ሁሉ በላይ ማርችን የምንመርጥበት ምክንያት የወሩ መጀመሪያ ቀን ነው። ቡልጋሪያውያን ማርች 1ን «ባባ ማርታ» ይሉታል፤ ማርታ አያት ማለታቸው ነው። በእምነታቸው ማርታ ጠባይዋ ቶሎ ቶሎ የሚለዋወጥ አሮጊት ናት፤ ስትስቅ ፀሐይ ይወጣል፣ ስትቆጣ በረዶ ይወርዳል። እርሷን ደስ ለማሰኘትና ለጤና፣ ከነጭና ከቀይ ክር የተገመደ «ማርተኒጻ» እርስ በርስ ይሰጣጣሉ። ከፌብሩዋሪ መጨረሻ ጀምሮ በየአደባባዩ የሚደረደሩትን የሻጮች ጠረጴዛዎች ቀረብ ብላችሁ ተመልከቱ፦ የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረው ቀጭን ግምድ፣ በልብስ ላይ የሚሰካው ትንሽ ዘርፍ፣ ፒዦና ፔንዳ የሚባሉት የወንድና የሴት የክር አሻንጉሊቶች ጎን ለጎን ተሰቅለው ታያላችሁ። ማርተኒጻ ለሌላ ሰው የሚሰጥ ስለሆነ፣ ጥቂት ገዝታችሁ ላሳረፋችሁ የሆቴል ሠራተኛ ወይም ቡና ለቀዳላችሁ አስተናጋጅ «ቸስቲታ ባባ ማርታ» ብላችሁ ብትሰጡ በደስታ ይቀበሏችኋል፤ ብዙ ጊዜም የእነርሱን መልሰው በእጃችሁ ላይ ያስሩላችኋል። ባለቤቱ የመጀመሪያውን ሽመላ ወይም ያበበ ዛፍ እስኪያይ ድረስ አይፈታውም፤ ሲፈታውም በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ያስረዋል። ዩኔስኮ ይህን የማርች 1 ልማድ በ2017 እ.ኤ.አ. በቡልጋሪያ፣ በሩማኒያ፣ በሞልዶቫና በሰሜን መቄዶንያ ስም በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል። ከተቻላችሁ በዋዜማው ሶፊያ ግቡ።

ማርች 3 ብሔራዊ በዓል ነው። በ1878 እ.ኤ.አ. የሳን ስቴፋኖ ውል የተፈረመበትና ቡልጋሪያ ከኦቶማን አገዛዝ የወጣችበት መታሰቢያ በመሆኑ ባንኮችና መሥሪያ ቤቶች ይዘጋሉ፤ በሶፊያ የሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ይደረጋል፤ በርካታ ሰዎችም በ1877 እ.ኤ.አ. ብርቱ ውጊያ ወደ ተካሄደበት የሺፕካ ተራራ መተላለፊያ ሄደው በ1934 እ.ኤ.አ. ወደ ተመረቀው ሐውልት ይወጣሉ። በዚያ ከፍታ ነፋሱ ኃይለኛ ነው፤ ከባድ ካፖርትና የማያንሸራትት ጫማ ያስፈልጋችኋል።

በፕሎቭዲቭ ቢያንስ ሁለት ሌሊት እንድታድሩ አጥብቀን እንመክራለን። የሮማውያኑ ቲያትር በኮረብታው ወገብ ላይ ነው፤ ከላይኛው የድንጋይ መቀመጫ ሆናችሁ ከታች ያለውን ከተማና ከርቀት የሮዶፒን ተራሮች ታያላችሁ። በበጋ ጎብኚ የሚያጨናንቀውን የድሮውን ሰፈር በማርች በእርጋታ መዞር ይቻላል፤ ፎቃቸው ወደ ጎዳናው ወጣ ብሎ የተሠራውን ባለ ቀለም ቤቶች ቆም ብሎ ለማየት ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። መንገዱ በትላልቅ ድንጋይ የተነጠፈ ስለሆነ ዝናብ ሲዘንብ ያዳልጣል።

ጥያቄ፦ የሪላን ገዳም ማየት እፈልጋለሁ፤ በዚህ ወቅት መንገዱ ይዘጋል?

መልስ፦ ገዳሙ ዓመቱን ሙሉ ክፍት ነው፤ መንገዱም ይጠረጋል። ከሶፊያ በስተደቡብ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ በ1147 ሜትር ከፍታ ይገኛል፤ ራሳችሁ የምትነዱ ከሆነ ግን መኪናው የክረምት ጎማ እንዳለው ሳታረጋግጡ አትውጡ። በ10ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው መናኝ ቅዱስ ዮሐንስ ዘሪላ የመሠረተው ይህ ገዳም በ1833 እ.ኤ.አ. በእሳት ክፉኛ ተጎድቶ እንደገና የታነጸ ሲሆን፣ ከቃጠሎው የተረፈው የ14ኛው ክፍለ ዘመን የሕሬልዮ ማማ እስካሁን በግቢው መካከል ቆሟል። በማርች ግቢው ውስጥ ብትቆሙ፣ በጥቁርና በነጭ ዝንጉርጉር ቀለም ከተቀቡት ቅስቶች በላይ ጫካውና ተራራው ነጭ ሆኖ ይታያል። ቤተ ክርስቲያኑን ከከበበው መተላለፊያ ሥር ያሉትን ሥዕሎች ሳትቸኩሉ ተመልከቱ፤ በተለይ የመጨረሻው ፍርድ ሥዕል ጊዜ ይፈልጋል። ከሙዚየሙም ሳትገቡ አትመለሱ፤ ራፋኤል የተባለ መነኩሴ በእንጨት ላይ የቀረጸው፣ ከ600 በላይ ጥቃቅን ምስሎች ያሉበት መስቀል ያለው እዚያ ነው። ልብሳችሁ ጉልበትንና ትከሻን የሚሸፍን ይሁን።

ጥያቄ፦ ጉዞዬ ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጥማል። የጾም ምግብ አገኛለሁ?

መልስ፦ ታገኛላችሁ፤ የቡልጋሪያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ፋሲካን የምትቀምረው በዩልያን አቆጣጠር ስለሆነ በማርች ብዙ ቡልጋሪያዊም ይጾማል። በምግብ ዝርዝሩ ላይ «ፖስትኖ» የሚለውን ቃል ፈልጉ፤ ጾም ማለት ነው። የባቄላ ሾርባ (ቦብ ቾርባ)፣ በሩዝ የተሞላ የጎመን ወይም የወይን ቅጠል፣ ከበርበሬና ከቲማቲም የሚሠራው ሊዩተኒጻ በብዛት አሉ። ይሁን እንጂ ሾርባውን አንዳንዱ ቤት ከቋሊማ ጋር፣ ቅጠሉንም በሥጋ ሞልቶ ስለሚያቀርበው ከማዘዛችሁ በፊት መጠየቅ አለባችሁ። መልሱንም ከቃሉ ውሰዱት፤ በዚያ አገር ራስን ወደ ላይና ወደ ታች መነቅነቅ እምቢታ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ማወዛወዝ እሺታ ነው። «ዳ» አዎ፣ «ኔ» አይደለም ማለት ነው።

ጥያቄ፦ የሼንገን ቪዛ ያገለግላል? የምንይዘውስ ምን ገንዘብ ነው?

መልስ፦ ቡልጋሪያ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሙሉ የሼንገን አባል በመሆኗ ቪዛው ያገለግላል። ማመልከቻው ከጉዞው በፊት ባሉት 6 ወራት ውስጥ፣ ቢዘገይ ደግሞ ጉዞው 15 ቀን ሲቀረው መግባት አለበት፤ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የሕክምና መድንም ይጠየቃል። መገበያያው ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 እ.ኤ.አ. ወዲህ ዩሮ ነው። ከቀደመ ጉዞ የቀረ ሌቭ በእጃችሁ ካለ ግን አትጣሉት፤ የአገሪቱ ብሔራዊ ባንክ አንዱን ዩሮ በ1.95583 ሌቭ ሒሳብ፣ ያለ ጊዜ ገደብና ያለ ክፍያ ይመነዝርላችኋል።