የናይትሮጅን ጥጃና የሙታን ትንሣኤ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)

ጥያቄ፦ እድራችን ድንኳን ውስጥ ክርክር ተነሣ። አሜሪካ ሬሳ አቀዝቅዘው «መድኃኒቱ ሲገኝ እናስነሣዋለን» የሚሉ አሉ ተባለ። ሽማግሌዎቹ «ይህማ ትንሣኤ ሙታንን መካድ ነው» አሉ። ከብት አዳቃዩ ጎረቤታችን ደግሞ «ቃሊቲ የኮርማ ዘር ስንት ዓመት ቀዝቅዞ ተቀምጦ ጥጃ ይወለድበት የለ? ሰው በምን ይለያል?» ብሎ አፋቸውን አስያዛቸው። ማን ልክ ነው?
ከቱሉ ዲምቱ

መልስ፦ አዳቃዩ ግማሹን ልክ ነው። የኮርማው አባለዘርም የሰውየው ሬሳም የሚቀመጡት ያው ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ፣ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ላይ ነው። እዚያ ምንም ነገር አይበሰብስም። ልዩነቱ መጠኑ ነው። አባለዘሩ ያለበት ቀጭን ስትሮው 0.25 ሚሊ ሊትር ቢይዝ ነው፤ ቅዝቃዜው ከዳር እስከ መሀል እኩል ይደርሰዋል፤ የተቀላቀለበት የእንቁላል አስኳልና ግሊሰሮልም ሴሉን ከበረዶ ጉዳት ይከላከልለታል። ደግሞም በሚሊዮን ከሚቆጠረው ብዙው ቢሞት ላሟን ለማስረገዝ የተረፈው ይበቃል። አንጎል እንዲህ ያለ ትርፍ የለውም።

ሰውን የማቀዝቀዙ ሥራ ክራዮኒክስ ይባላል። ሐኪም «ሞቷል» ብሎ እንደፈረመ ሬሳው በረዶ ገንዳ ውስጥ ይገባል፤ ደረቱ በማሽን እየተጫነ ደሙ ለጊዜው ይዘዋወራል፤ ደም እንዳይረጋም ሄፓሪን ይሰጣል። ከዚያ ደሙ ወጥቶ በትልልቆቹ የደም ሥሮች በኩል በፀረ በረዶ ፈሳሽ ይተካል። በናይትሮጅን ጋዝ ለቀናት ቀስ እያለ ይቀዘቅዝና የብረት ጋን ውስጥ ጭንቅላቱ ወደ ታች ተዘቅዝቆ ይቀመጣል። የተዘቀዘቀው ናይትሮጅኑ ቢጎድል ቀድሞ የሚሞቀው እግሩ እንዲሆን ነው። ጋኑ ኤሌክትሪክ አይፈልግም፤ የሚፈልገው ናይትሮጅኑን ሳይታክት የሚሞላ ሰው ነው። ይህን አዳቃይ ከማንም በላይ ያውቃል፦ ናይትሮጅኑ ተኖ ያለቀበት ጋን ውስጥ ያደረ ስትሮው ይጣላል እንጂ ላም ላይ አይሞከርም። ካሊፎርኒያ፣ ቻትስዎርዝ መቃብር ውስጥ ተቀምጠው የነበሩ ዘጠኝ ሬሳዎች ገንዘብ አልቆ የሚሞላ ሲጠፋ መበስበሳቸው በ1979 ታወቀ። ፈረንሳይም የአንድ ባልና ሚስት አስከሬን የነበረበት ማቀዝቀዣ በ2006 ተበላሽቶ ልጃቸው ሁለቱንም አስቃጠለ።

ጋኑ ባይጎድልስ? ፀረ በረዶው የገባበት ሥጋ ከዜሮ በታች 120 ዲግሪ አካባቢ እንደ ብርጭቆ ይሆናል። ትልቅ አካል ውጭና ውስጡ እኩል ስለማይቀዘቅዝ፣ የፈላ ውኃ በድንገት እንደተቀዳበት ብርጭቆ ይሰነጠቃል። ሲሞቅም እኩል ካልሞቀ በረዶው ያኔ ይፈጠራል። በ2023 ሚኒሶታ ውስጥ ለ100 ቀን በዚህ መንገድ የተቀመጠ የአይጥ ኩላሊት ሞቆ፣ ተተክሎ ሠርቷል፤ ትልቅ ነገር ነው፤ ግን የአይጥ ኩላሊት ነው። በ1967 ከቀዘቀዘው ከመጀመሪያው ሰው ከጄምስ ቤድፎርድ ወዲህ አንድም የተነሣ የለም።

ወደ ሽማግሌዎቹ እንምጣ። «ክህደት ነው» የሚለው የሚያስኬድ አይመስለንም። ጸሎተ ሃይማኖት የሙታንን መነሣት ተስፋ እናደርጋለን ሲል ሬሳው ሳይነካ ይቆይ አይልም። ጳውሎስም «በመበስበስ ይዘራል፥ ባለመበስበስ ይነሣል» ይላል (1ኛ ቆሮ. 15፥42)። በ177 ሊዮን (ዛሬ ፈረንሳይ ውስጥ ያለች ከተማ) ላይ የክርስቲያኖቹ አሳዳጆች የሰማዕታቱን ሥጋ አቃጥለው አመዱን ሮን ወንዝ የጨመሩት ትንሣኤ እንዳያገኙ ብለው እንደነበር የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው አውሳብዮስ ጽፏል። አመድ ያላገደውን ናይትሮጅን አያግደውም። በሌላ በኩል፣ የቀዘቀዘው ሰው ቢነሣ እንኳ ያ ትንሣኤ ሙታን አይባልም፤ የሚቀርበው ለአልዓዛር ነው፦ በአራተኛው ቀን ከመቃብር ወጣ፣ ኋላ ግን እንደማንኛችንም ሞተ።

የሽማግሌዎቹ እውነተኛ ቅሬታ ሌላ ይመስለናል። ያልተገነዘ፣ አፈር ያልለበሰ ሰው ለቅሶው የት ላይ ያበቃል? ሣልስቱም አርባውም ሙት ዓመቱም «ሄዷል» ብሎ የቆረጠ ቤተሰብ ይፈልጋል። ባሕር ማዶ ሞቶ አስከሬኑ ላልመጣ ልጅ እንኳ በንጋት መርዶ ይነገራል፣ ፎቶው ተይዞ ይለቀሳል፣ ተዝካሩ ይወጣል። ጋን ውስጥ ላለው ግን እናቱ በግማሽ ልቧ እያለቀሰች በግማሹ ትጠብቃለች። በሚቀጥለው ክርክር ይህን ቢያነሡ አዳቃዩ መልስ ያጣል።

ጥያቄ፦ በእስልምናስ እንዴት ይታያል? ጭንቅላት ብቻ የሚያስቀምጡም አሉ ሲባል ሰምቻለሁ።
ከለገጣፎ

መልስ፦ አሉ፤ ማንነቱ ያለው አንጎል ውስጥ ነው በሚል ነው፤ ዋጋውም ይቀንሳል። ሟችን ማጠብ፣ መከፈን፣ መስገድና መቅበር ፈርድ ኪፋያ (የጋራ ግዴታ) ነው፤ ማንም ካልፈጸመው ወንጀሉ የሁሉም ይሆናል። ነፍስም እስከ ቂያማ (የትንሣኤ ቀን) በርዘኽ፣ ማለትም በሞትና በትንሣኤ መካከል ባለው ዓለም ላይ ናት። «የሞተን ሰው አጥንት መስበር በሕይወት ሳለ እንደ መስበር ነው» የሚለው አቡ ዳውድ የዘገቡት ሐዲስ ደግሞ አንገት ለሚቆርጥ ሥራ ቀዳዳ አይተውም። ክራዮኒክሶች «ይህ ሰው ታካሚ እንጂ ሬሳ አይደለም» ይላሉ፤ ሕክምና ደግሞ የተፈቀደ ነው። ሆኖም ራሳቸውም የሞት ወረቀት ሳይፈረም ሥራ አይጀምሩም፤ ወረቀቱ ከተፈረመ በኋላ ያለው ጀናዛ ነው።

ጥያቄ፦ አሜሪካ የሚኖረው ወንድሜ ለዚህ ነገር ፈርሟል። ለጥየቃ ሊመጣ ነው። ክፉ አይንካውና እዚህ ቢያርፍ ምን እናደርጋለን?
ከሰበታ

መልስ፦ ልብ ከቆመ በኋላ አንጎል መጎዳት የሚጀምረው በደቂቃዎች ውስጥ ነው። የሆስፒታል ሬሳ ማቆያ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ቢሆን ነው፤ መበስበሱን ያዘገያል እንጂ አያቆምም። ወረቀቱ አልቆ፣ በረራ ተገኝቶ ድርጅቶቹ ወዳሉበት ወደ አሪዞና ወይም ሚሺጋን እስኪደርስ ቀናት ይሄዳሉ፤ የሚደርሰው የተበላሸ አንጎል ነው። ዋጋው ሚሺጋን ባለው ድርጅት ከ28,000 ዶላር ይጀምራል፤ አሪዞና ያለው ለሙሉ አካል ከ200,000 በላይ ይጠይቃል። ብዙዎች የሚከፍሉት በሕይወት ኢንሹራንስ ነው። ስለዚህ ከመሳፈሩ በፊት ሦስት ነገር በጽሑፍ ይላክልዎ፦ ከአገር ውጭ ከሞተ ውሉ ምን ይላል? አስከሬኑ ካልደረሰ የኢንሹራንሱ ገንዘብ ለማን ነው? ከቤተሰቡ የሚወስነው ማን ነው? የእድራችሁንም መተዳደሪያ ደንብ ያስነብቡ፤ ቀብር ከሌለ ገንዘቡ ይከፈል አይከፈል፣ ድንኳኑ ይተከል አይተከል ሰው ሳይሞት መታወቅ አለበት።